ያለ መጠለያ እንስሳትን መታደግ፦ በባሕር ዳር ትንሽ ቡድን ለመመሥረት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ባሕር ዳር ውስጥ ለእንስሳ የሚራራ ሰው ሞልቷል። ዓባይ ማዶ ለሰፈሩ ውሻ ፍርፋሪ የሚያወጡ እናት አሉ። ሽምብጥ ከሱቁ ደጃፍ ቡችላ የሚያሳድግ ልጅ አለ። በሐይቁ ዳር ካፌዎች ለድመት የዓሣ ቁራጭ የምትጥል አስተናጋጅ አለች። እነዚህ ሰዎች ግን አይተዋወቁም። አንዲት ውሻ በባጃጅ ስትገጭ ሁሉም ያዝናል፣ ለማን እንደሚደወል ግን ማንም አያውቅም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለአምስትና ለስድስት ሰዎች ነው። ቢሮ ለሌላቸው፣ መኪና ለሌላቸው፣ ከውጭ ገንዘብ ለማይጠብቁ ሰዎች።

ዋናውን ምክር ከፊት ላስቀምጠው። መጠለያ አትክፈቱ። ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት አትክፈቱ። እንስሳ የሚወዱ ሰዎች ሲሰባሰቡ መጀመሪያ የሚታያቸው ግቢ መከራየት ነው። ግቢው ግን ቶሎ ይሞላል። ወሬው በተሰማ ሳምንት ሰዎች ቡችላ በካርቶን አድርገው በር ላይ ጥለው ይሄዳሉ። ጎረቤት በጩኸቱ ይማረራል፣ አከራዩም ልቀቁልኝ ይላል። ከዚህ የከፋው በሽታው ነው። ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ አንድ ግቢ ከገባ በአፈሩ ላይ ለወራት ይቆያል፤ የሚገቡትን ቡችሎች ተራ በተራ ይጨርሳል። ገንዘቡ ሲያልቅ ደግሞ ውሾቹ ሰፈራቸውንም፣ የሚያውቃቸውንም ሰው አጥተው እንደገና ጎዳና ላይ ይወጣሉ።

የሚሻለው መንገድ እንስሳውን ባለበት መርዳት ነው። ውሻዋ ታክማ፣ ተከትባ፣ መክና (ማለትም እንዳትወልድ በቀዶ ሕክምና ተደርጋ) ወደምታውቀው ሰፈር ትመለሳለች። እዚያ ስሟን የሚያውቅ አንድ ባለአደራ ይኖራታል። የቡድኑ ሥራ ባለአደራዎችን ማብዛት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ለማድረግ የሚያስፈልግ ነው።

አንድ ሰፈር ምረጡና ቁጠሩ

"የባሕር ዳርን እንስሳት እንታደጋለን" ብላችሁ አትነሱ። ከተማው ስድስት ክፍለ ከተማ አለው፤ በሁሉም ልድረስ ያለ ቡድን አንዱንም አይጨርስም። ከእናንተ ቢያንስ ሁለታችሁ የምትኖሩበትን አንድ ሰፈር ያዙ። ዳር ድንበሩን በዋና መንገዶች አስምሩ።

ከዚያ ውሾቹን ቁጠሩ። ጥሩው ሰዓት ከንጋቱ 12 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ባጃጁ ሳይበዛ፣ ተማሪው ሳይወጣ። ያን ሰዓት ውሾቹ ቆሻሻ መጣያው ጋ፣ ልኳንዳው ደጃፍ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ይገኛሉ። ሁለት ሆናችሁ፣ በተመሳሳይ መንገድ፣ ቢያንስ ለሁለት ጠዋት ሂዱ። ለእያንዳንዱ ውሻ አንድ መስመር ጻፉ፦ ቀለሙ፣ ጾታው፣ የምታጠባ መሆኗ፣ ቁስል ወይም እከክ መኖሩ፣ የት እንደታየ። ፎቶም አንሱ፤ ሁለት ቡናማ ውሾችን በቃል መለየት አይቻልም።

ጠዋት ከቆጠራችሁ በኋላ ከሰዓት ሰው ጠይቁ። ይህን እንዳትዘሉት። ባለቤት የለውም የምንለው ውሻ ብዙ ጊዜ ሰው አለው። ማታ ማታ የሚለቀቅ የግቢ ጠባቂ ሊሆን ይችላል። ሦስት ቤት በጋራ የሚያበላው ሊሆን ይችላል። የሕንፃ ዘበኞች፣ ሊስትሮዎችና የልኳንዳ ሠራተኞች ሁሉንም ያውቃሉ።

ንግግሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሄዳል፦

"እማማ፣ ይቺ ነጭ ውሻ የማን ናት?"

"የማንም አይደለችም ልጄ። እኔ ነኝ ትራፊ የምጥልላት።"

"እንግዲያው እርስዎን ነው የምትሰማው። ክትባት ልናስወጋት ስንመጣ ይይዙልናል?"

ባለአደራ የሚገኘው እንዲህ ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን ከውሻዋ ፎቶ ጋር መዝግቡ።

ቆጠራው ሌላም ጥቅም አለው። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ወደ ውሻ መተላለፉ እንዲቆም በአካባቢው ካሉት ውሾች 70 በመቶው መከተብ አለባቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ይህን ነው። ሰፈራችሁ ውስጥ 40 ውሻ ካለ ግባችሁ 28 ነው ማለት ነው። 28 ውሻ መከተብ አምስት ሰው የሚችለው ሥራ ነው።

ሰዎቹ

አምስት ሰው ይበቃል። ሁሉም እንስሳ መያዝ የሚችል መሆን የለበትም። ገንዘብ የሚይዝ፣ ስልክ የሚያነሳ፣ ከሐኪሙ ጋር የሚገናኝ፣ ውሻ የሚይዝ ያስፈልጋችኋል። አምስተኛው ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ በሰፈሩ የተከበረ ትልቅ ሰው ነው። ጡረታ የወጡ መምህር ወይም የዕድር ሊቀመንበር ቢሆኑ ጥሩ ነው። ወጣቶች ብቻችሁን ገመድ ይዛችሁ ሰፈር ብትገቡ "ውሻ ሊገድሉ ነው" ወይም "ሊሰርቁ ነው" ይባላል። ጋሼ አብረዋችሁ ከቆሙ ግን በሩ ይከፈታል፣ ቡናም ይቀርባል።

የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አንድ ገጽ ወረቀት ጻፉና ፈርሙ። በተለይ ሦስት ነገር ይኑረው። አንደኛ፣ የትኞቹን እንስሳት እንደምትረዱና የትኞቹን እንደማትረዱ። ሁለተኛ፣ በአንድ ጊዜ ስንት እንስሳ በሕክምና ላይ እንደምትይዙ። ቁጥሩ ሦስት ከሆነ አራተኛው ተራ ይጠብቃል። ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ የማይድን እንስሳ ሲያጋጥም በሐኪም እጅ ያለ ስቃይ እንዲያልፍ የሚወስነው ማን ነው? አከርካሪው የተሰበረ ውሻ ፊት ቆማችሁ ይህን ልትከራከሩበት አይገባም። ሐኪሙና ሁለት አባላት ከተስማሙ ይበቃል ብላችሁ አስቀድማችሁ ጻፉት።

ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በመያዝ ሥራ አይሳተፉ። ፍቅር አላቸው፤ ሌላ ሥራ ስጧቸው። ፎቶ ማንሳት፣ ውኃ መሙላት፣ ድንጋይ የሚወረውሩ ጓደኞቻቸውን ማስተማር ይችላሉ።

ውሻ ከመንካታችሁ በፊት

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰውንም ሆነ እንስሳን ይገድላል። ሕክምና የለውም ማለት ይቻላል። በሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ውሻ የሚነካ አባል ሁሉ አስቀድሞ ይከተብ። ለጤናማ ሰው የሚመከረው የቅድመ መከላከያ ክትባት ሁለት መርፌ ነው፤ የመጀመሪያው ቀንና በ7ኛው ቀን። ክትባቱ በየትኛው ጤና ተቋም እንዳለ ሥራ ሳትጀምሩ ሄዳችሁ ጠይቁ። አንዳንዴ ይጠፋል። ከተነከሱ በኋላ መፈለግ መጀመር በጣም አደገኛ ነው።

የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠብ። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ሰዓት ይያዝ። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። አስቀድሞ የተከተበ ሰውም ይሄዳል፤ ለእሱ የሚሰጠው መርፌ ያንሳል እንጂ አይቀርም። የነከሰው ውሻ ጤነኛ መስሎ ከታየ አትግደሉት። ታስሮ ለ10 ቀን ይጠበቅ። በእነዚያ ቀናት ካልታመመና ካልሞተ ሲነክስ በምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። መጠበቁ ግን የሰውየውን ክትባት አያዘገየውም።

በአካባቢያችን የተነከሰ ሰው ወደ ጠበል ወይም ወደ ባህል ሐኪም መሄዱ የተለመደ ነው። በዚህ ከሰው ጋር አትጣሉ። እምነትን የነካ ሰው ሁለተኛ አይሰማም። "ጠበሉም ይቀጥል፣ ክትባቱ ግን ዛሬውኑ ይጀመር" በሏቸው። ቄሱ ወይም ሼኹ ይህንኑ ቢናገሩ ደግሞ ከእናንተ መቶ ጊዜ መናገር ይበልጣል፤ ቀድማችሁ አነጋግሯቸው።

ሌላም ልብ በሉ። ያበደ ውሻ ሁሉ ይሮጣል፣ ይናከሳል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ዝም ይላል። መንጋጋው ይንጠለጠላል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅተዋል። የሚያየው ሰው "አጥንት አንቆት ነው" ብሎ እጁን ወደ አፉ ይከታል። ይህን በፍጹም እንዳታደርጉ። እንዲህ ያለ ውሻ ካያችሁ ሰው አርቁ፣ ከሩቅ ተከታተሉት፣ ለከተማው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ደውሉ። ባሕር ዳር የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ ያላት ከተማ ናት፤ ባለሙያው ናሙና ወዴት እንደሚላክ ያውቃል።

ሐኪሙን ማግኘት

ያለ እንስሳት ሐኪም ይህ ሥራ አይጀመርም። የመንግሥት የእንስሳት ክሊኒክ አለ፣ የግል የእንስሳት መድኃኒት ቤቶች አሉ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዘንዘልማ ግቢ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎችና መምህራን አሉት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፤ ከባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዘንዘልማ ተማሪዎች ጋር መወዳጀት በተለይ ይጠቅማችኋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ልምድ ይፈልጋሉ፣ እናንተም እጅ ትፈልጋላችሁ።

አንድ ነገር ግን በትሕትና ጠይቁ፦ "ዶክተር፣ ሴት ውሻ አምክነው ያውቃሉ?" አብዛኞቹ ሐኪሞቻችን የሠለጠኑት በከብት፣ በበግና በፍየል፣ በዶሮ ላይ ነው። የውሻና የድመት ቀዶ ሕክምና የተለየ እጅ ይፈልጋል። ያላደረገ ሐኪም ካጋጠማችሁ ልምድ ካለው ጋር አገናኙት።

ራሳችሁ መድኃኒት አትስጡ። ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ። ለከብት የመጣ መርፌ በግምት ተከፍሎ ለቡችላ አይሰጥም። እከክ ላይ የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባትም መርዝ ነው፤ ውሻው ይልሰዋል። እናንተ ማድረግ የምትችሉት ቁስል ማጠብ ነው። ፈልቶ በቀዘቀዘ ግማሽ ሊትር ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል።

ሐኪም እንዲያየው ቶሎ ልትወስዱት የሚገባ አንድ በሽታ አለ። በጎዳና ውሾች ብልት ላይ አበባ ጎመን የመሰለ፣ ደም የሚያንጠባጥብ ዕጢ ታያላችሁ። ሰው ሲያየው "ይቺስ አለቀላት" ይላል። አላለቀላትም። በግንኙነት የሚተላለፍ ዕጢ ነው፤ ቪንክሪስቲን በሚባል መድኃኒት በየሳምንቱ ለተወሰኑ ሳምንታት ሲታከም አብዛኛው ይድናል። መድኃኒቱ ኃይለኛ ስለሆነ የሚሰጠው ሐኪም ብቻ ነው።

መያዝ

የሰፈር ውሻ የሚያዘው በባለአደራው እጅ ነው። ለዚህ ነው ባለአደራ ያላችሁት። እማማ ጠርተው፣ አብልተው፣ አንገቷ ላይ ገመድ ሲያስገቡ ውሻዋ አትደነግጥም። አፏን ለማሰር ሻሽ ይበቃል፤ በአፍንጫዋ ላይ አንዴ ተጠምጥሞ፣ ከአገጭ ሥር ተሻግሮ፣ ከጆሮዋ ኋላ ይታሰራል። የምታስታውክ ወይም መተንፈስ የሚያስቸግራት ውሻ አፏ አይታሰርም።

ባለአደራ ለሌለውና ለፈራ ውሻ ብርድ ልብስ ያዙ። ሦስት ሰው ይበቃል፤ አሥር ሰው ከተሰበሰበ ውሻው ይሸሻል ወይም ይናከሳል። የተገጨ ውሻ የሚወደውን ሰው እንኳ ይነክሳል፤ ሕመም ነው። ከጀርባው በኩል ቅረቡ፣ ብርድ ልብስ ጣሉበት፣ ጣውላ ወይም ወፍራም ካርቶን ላይ አንሸራታችሁ አንሱት። የሚጭናችሁን ባጃጅ አስቀድማችሁ አስማሙ፤ ደም ያለበት ውሻ ድንገት ይዛችሁ ብትቆሙ የሚያቆምላችሁ አታገኙም። ሁለት ሦስት ባለ ባጃጅ ወዳጅ ይኑራችሁ፣ ወንበር መሸፈኛ ላስቲክ የእናንተ ይሁን። ባጃጅ በቆመበትና መንገድ በተዘጋበት ቀን ደግሞ ሐኪሙን በስልክ አማክራችሁ እንስሳውን ጨለማና ጸጥ ያለ ቦታ አቆዩት።

ክትባትና ማምከን

ክትባት ይቅደም፤ ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሰፈሩም ጥቅሙን ወዲያው ያያል። ልጆቻቸው ከበሽታ እንደተጠበቁ ያወቁ ወላጆች ነገ ለማምከን በር ይከፍቱላችኋል።

የክትባት ችግር ቅዝቃዜ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። መብራት ሲጠፋ የሚሞቅ ፍሪጅ ውስጥ የቆየ ክትባት ውኃ መውጋት ነው። ስለዚህ አታከማቹ። በክትባቱ ቀን ጠዋት ከሐኪሙ ተቀብላችሁ በረዶ ባለበት አይስ ቦክስ ይዛችሁ ውጡ። የተከተበ ውሻ አንገት ላይ ባለቀለም የጨርቅ ማሰሪያ እሰሩ፤ ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን። ለባለአደራው ቀኑ የተጻፈበት ካርድ ስጡ።

ማምከን ቀስ ብሎ የሚሄድ ሥራ ነው። ሴት ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል በወንድ ውሾች ትፈለጋለች፣ እርግዝናዋም 63 ቀን አካባቢ ነው። ስለዚህ አቅማችሁ ትንሽ ከሆነ ሴቶቹን አስቀድሙ። ሰው ሲቃወም ትሰማላችሁ፤ "ግፍ ነው፣ ፈጣሪ የሰጣትን" የሚሉ አሉ። ይህ ከርኅራኄ የመጣ ጥያቄ ነው፤ በቁጣ አትመልሱት። ባለፈው ክረምት በዝናብ ውስጥ ስንት ቡችላ እንደሞተ ራሳቸው ያውቃሉ። እሱን አስታውሷቸው።

በወር ሁለትና ሦስት ውሻ በቂ ነው። ከኦፕራሲዮን በፊት ባለው ማታ ምግብ አይሰጥም። ማደንዘዣው ላይ እያለች ሐኪሙ የጆሮዋን ጫፍ ትንሽ ይቆርጥ፤ ዕድሜ ልኳን የመከነች መሆኗን ከሩቅ የሚያሳይ ምልክት ነው፣ አይጠፋም። ከዚያ በኋላ ሴቷ ደረቅ ቤት ውስጥ ለጥቂት ቀናት ትቆይ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደረቅ ቦታ ከሌላችሁ ቀዶ ሕክምናውን ለመስከረም አስተላልፉት። ጭቃ የገባበት ስፌት መጨረሻው ጥሩ አይሆንም።

ማቆያ ቤቶች

ታካሚና እናት የሌለው ቡችላ የሚያድርበት ቦታ ያስፈልጋል። ለዚህ የአባላት ቤት ይሁን፤ አንድ ቤት፣ አንድ እንስሳ፣ ለተወሰነ ቀን። የሚመለስበት ቀን ሳይታወቅ እንስሳ አይገባም። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያለው ቡችላ ከሌላ ቡችላ ጋር አይገናኝ፤ ፓርቮ ሊሆን ይችላል። የነበረበት ወለል መጀመሪያ በሳሙና ይታጠብ፣ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውኃ ተበጥብጦ ይፈስበት።

ለድመት ግልገል የላም ወተት አትስጡ፣ ያስቀምጣታል። እናቷ ምግብ ፍለጋ ሄዳ ሊሆን ስለሚችል ግልገሎችን ካገኛችሁበት ወዲያው አታንሱ። ጥቂት ሰዓት ከሩቅ ጠብቁ።

አሳዳጊ ሲገኝ ቤቱን ሄዳችሁ እዩ። "ለጥበቃ ነው የምፈልገው" የሚል ሰው መጥፎ ሰው አይደለም፤ አብዛኛው ሰው ውሻ የሚያሳድገው ለዚያ ነው። የምትጠይቁት ቀን ቀን በአጭር ሰንሰለት ፀሐይ ላይ ይታሰራል ወይ የሚለውን ነው።

ምግብና ጾም

የባሕር ዳር ውሾች ኑሮ ከጾም ጋር የተያያዘ ነው። ልኳንዳ ሲዘጋ ትራፊው ይቋረጣል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ እነዚህ ሳምንታት ለውሾቹ የረሃብ ወቅት ናቸው። ተርበው ይቅበዘበዛሉ፣ ከሰው ጋር ይጋጫሉ። ለዚህ ጊዜ አስቀድማችሁ ተዘጋጁ። በጾም ዓሣ የሚበላ ሰው አለ፤ ሐይቁ ዳር የሚጣለው የቆሮሶና የአምባዛ ጭንቅላትም አለ። ከዓሣ አስጋሪዎችና ከዓሣ ቤቶች ጋር ተነጋገሩ፤ አጥንቱ እስኪላላ ቀቅሉት፣ ሹል አጥንቱን ልቀሙ፣ በበቆሎ ገንፎ ለውሱት። ጥሬውን አትስጡ።

ከልኳንዳ የምትቀበሉት ሳንባና ጉበትም ሳይበስል አይሰጥ። ውኃ የቋጠረ ከረጢት ያለበት ጉበት ጥሬውን የበላ ውሻ የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ትል ይይዘዋል፤ ዕንቁላሉ ከውሻው እዳሪ ወደ ሰው ሲገባ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ ከረጢት ያበቅላል። የወጥ ትራፊም ሽንኩርት ስለሚበዛው ለውሻ አይመከርም። በመንገድ መካከል ሳይሆን ሁልጊዜ አንድ ጥግ ላይ መግቡ፣ ቦታውንም አጽድታችሁ ሂዱ። ሰፈሩ የሚጠላችሁ በቆሻሻው እንጂ በውሾቹ አይደለም።

ገንዘብና ወረቀት

በዕድር ልክ ጀምሩ። ወርኃዊ መዋጮ፣ መዝገብ፣ ደረሰኝ። ገንዘቡ በአንድ ሰው የግል ቴሌብር ላይ አይከማች፤ ብዙ ቡድን የፈረሰው በጥርጣሬ ነው። ከሦስት ፈራሚ ሁለቱ የሚያንቀሳቅሱት የባንክ ሒሳብ ክፈቱ። በየወሩ የገባውንና የወጣውን በቴሌግራም ገጻችሁ ላይ ከደረሰኙ ፎቶ ጋር አውጡ። የደማ እንስሳ ፎቶ እየለጠፉ ገንዘብ መጠየቅ ለአንድ ሰሞን ይሠራል፤ ከዚያ ሰው ፊቱን ያዞራል። የዳነውን አሳዩ።

መመዝገብ ያለባችሁ አባል ካልሆነ ሰው ገንዘብ ስትሰበስቡና በስማችሁ ውል ስትገቡ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ አምስት አባላት ይጠይቃል። ይህ የፌዴራል አዋጅ የሚመለከተው በዋናነት ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትን ነው። በአማራ ክልል ብቻ የምትሠሩ ከሆነ የምትመዘገቡት በክልሉ ነው። እስከዚያው ግን ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ። ገመድና ብርድ ልብስ ይዛችሁ በንጋት ስትዞሩ ፖሊስ ቢያስቆማችሁ ያ ደብዳቤ ይናገርላችኋል።

መርዝ

በከተሞቻችን ውሻ በዛ ሲባል መርዝ መበተን የቆየ ልማድ ነው። ይህን ለማስቀረት ከመርዙ ቀን በፊት ከከተማ አስተዳደሩ ጋር መተዋወቅ አለባችሁ። ስትሄዱ ለቅሶ ሳይሆን መዝገብ ይዛችሁ ሂዱ፤ የሰፈሩ ካርታ፣ የውሾቹ ቁጥር፣ የተከተቡት ፎቶ። ክርክራችሁም ይህ ይሁን፦ የተከተበ ውሻ ሲገደል ባዶውን ቦታ ያልተከተበ ውሻ ይይዘዋል። ቆሻሻው እስካለ ድረስ ውሻ ይመጣል። መርዙም በውሻው አያበቃም፤ ሬሳውን የበላ ጥንብ አንሳ ይሞታል። ከተሞቻችን ላይ የሚያንዣብበው ትንሹ ጥንብ አንሳ ዛሬ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች አንዱ ነው።

የተመረዘ ውሻ ይገተራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅና ብርሃን ያባብሱበታል። በአፉ ምንም አትጨምሩ። በጨርቅ ሸፍናችሁ በጸጥታ ወደ ሐኪም አድርሱት።

አህያና የጋሪ ፈረስ

ቅዳሜ ገበያ የወጣ ሰው ገጣባ አህያ ሳያይ አይመለስም። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ናት፤ ስቃዩም የዚያን ያህል ነው። እዚህ ላይ መታደግ ማለት ከባለቤቱ መንጠቅ አይደለም። አህያዋ የቤተሰቡ እንጀራ ናት፤ ብትወስዱበት ነገ ሌላ ይገዛል፣ ያቺም ትገጠባለች። ከሰውየው ጋር ተቀመጡ። "ጋሼ፣ ይህ ቁስል ቢድን ብዙ ትጭን ነበር" ብላችሁ ጀምሩ። ቁስሉን እጠቡለት። ጭነቱ የጀርባ አጥንቷን እንዳይነካ በግራና በቀኝ የሚያርፍ፣ መሐሉ ክፍት የሆነ የጆንያ ንጣፍ እንዴት እንደሚሠራ አሳዩት። ቁስሉ እስኪደርቅ የሚያርፍበትን ቀን በስምምነት ቁረጡ፤ ብትችሉ የዚያን ቀን ገቢ በከፊል አግዙት። ያረጀች አህያ ማታ ሜዳ ላይ ስትጣል መጨረሻዋ ጅብ ነው፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ስለዚህ ባለቤቱ ሊጥላት ሲያስብ ቀድሞ እንዲደውልላችሁ ቃል አስገቡት። ከሐኪሙ ጋር ሆናችሁ ሌላ መንገድ ታገኛላችሁ።

የሐይቁ እንስሳት

የዱር እንስሳ ጉዳይ ሌላ ሕግ አለው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። በዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ቤት ውስጥ ማቆየት አይቻልም፤ የዘጌዋን ጦጣም ሆነ የወንዙን ኤሊ። የእናንተ ድርሻ ሰው ማራቅና ለሚመለከተው የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያ መደወል ነው። ስልኩን ከወዲሁ ያዙ።

ሊያጋጥማችሁ የሚችለው ብዙ ጊዜ በተጣለ መረብ የተጠላለፈ ወፍ ነው። ፔሊካን ከሆነ ጭንቅላቱን በጨርቅ ሸፍኑ፣ ክንፉን ወደ ገላው አጥፋችሁ ያዙ። መንቁሩን ግን ሙሉ በሙሉ አትጨብጡት፤ የሚተነፍሰው በአፉ ስለሆነ ጣት የሚያህል ክፍተት ተዉለት። መረቡን በመቀስ ቁረጡ እንጂ አትጎትቱ። መንጠቆ ከዋጠ ክሩን ስንዝር ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡና ወደ ሐኪም ውሰዱ፤ የቀረው ክር መንጠቆው የት እንዳለ ለማግኘት ይረዳዋል።

ወደ ጉማሬ ግን የታመመም ቢሆን፣ ብቻውን የቀረ ግልገልም ቢሆን አትቅረቡ። እናቱ ከደንገሉ ውስጥ ትኖራለች። ታንኳ ያላቸውን ሰዎች አስጠንቅቁ፣ ልጆችን ከዳር አርቁ፣ ባለሙያው እስኪመጣም በሩቅ ሆናችሁ መንገዱን ጠብቁ።